የእማማ ትጓደድ ጉሮሮ ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ፤ ከአንድ የስፖርት አዳራሽ ጀርባ ያለች ጠባብ መልበሻ ክፍል። ድሮ በየለቅሶው ሙሾ እያወረዱ የኖሩት ወይዘሮ ትጓደድ፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ደምሰውን ቡጢና ትግል ወደተቀላቀለበት የኤም ኤም ኤ ፍልሚያ በፉከራ ሊያስገቡት ተቀጥረው መጥተው ከወንበሩ አልነሳም ብለዋል፤ የውድድሩ አዘጋጅ ፍቅረአብ በሩን ይዞ ቆሟል።

ፍቅረአብ፦ እማማ፣ በእመብርሃን ይነሱልኝ። ሕዝቡ ስምዎትን እየጠራ ነው።

ትጓደድ፦ ይጥራ። ስሜ በመጠራት አያልቅም።

ፍቅረአብ፦ በቀጥታ እየተላለፈ ነው እኮ!

ትጓደድ፦ ይተላለፍ። እኔ እንደሆነ የትም አልተላለፍኩ፣ ይኸው እዚሁ ቁጭ ብያለሁ። መጀመሪያ ያቺን «ካሸነፈ» የምትሏትን ነገር አስረዳኝ። ደምሰው አሁን እጁን በፋሻ ሲጠቀልል ከአፉ አመለጠችው። አምስት ሺህ ለመግባቱ፣ ሌላ አምስት ሺህ ደግሞ ካሸነፈ። እንዲህ ነው?

ፍቅረአብ፦ የተለመደ አሠራር ነው። ውጭ አገር ያሉት ስመ ጥሮቹም እንዲሁ ነው የሚከፈላቸው።

ትጓደድ፦ ውጭ አገሩን ተወው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልቅሼ የበላሁ ሴት ነኝ። የማላውቀው ሰው በሞተ ቁጥር ደረቴን ስደቃ ኖሬ፣ አንድም ቀን «ሟቹ ገነት ከገባ ሙሉ፣ ሲኦል ከገባ ግማሽ» ያለኝ የለም።

ፍቅረአብ፦ እሱማ ውጤቱ አይታወቅም።

ትጓደድ፦ አንዳንዱ በደንብ ይታወቅ ነበር። የት እንደሚሄድ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ሰውዬ እኔ «የድሆች አባት» ብዬ አልቅሼለታለሁ። ድሆቹ ራሳቸው ዞር ብለው አዩኝ። ቢሆንም ሙሉውን ነው የተቀበልኩት።

ፍቅረአብ፦ እማማ፣ ስፖርትና ለቅሶ አንድ አይደለም።

ትጓደድ፦ በምን ተለየ? ሰው ተሰብስቧል፣ መብራት በርቷል፣ አንዱ ይጋደማል፣ ሌላው ቆሞ ይጮሃል። እንዲያውም የኔው ሥራ ይሻላል። ደረቴን የምመታው በገዛ እጄ ነው፤ ሲያመኝ ቀስ አደርገዋለሁ። የሱን ደረት የሚመታው ግን ሌላ ሰው ነው። «ቀስ በልልኝ» ቢለው የሚሰማው ይመስልሃል?

ፍቅረአብ፦ ቀስ የሚል ከሆነማ እኔም አልቀጥረው።

ትጓደድ፦ አየህ! ቡጢው ላይ ስትጠነክር ኪስህ ላይ ደግሞ ትልፈሰፈሳለህ።

ፍቅረአብ፦ እኔን እንደ ዘራፊ አይዩኝ። እኔም ተፋልሜ አውቃለሁ። ይህን አፍንጫ ይዩት።

ትጓደድ፦ አይቼዋለሁ። ሲፈጥርህ እንዲህ መስሎኝ በይሉኝታ ዝም አልኩ።

ፍቅረአብ፦ ሁለቴ ነው የተሰበረው። ያኔ ምን እንደተከፈለኝ ያውቃሉ? አንድ ቲሸርት!

ትጓደድ፦ ልክህ ነበር?

ፍቅረአብ፦ ጠበበኝ። ለእህቴ ሰጠኋት።

ትጓደድ፦ እና አንተ በቲሸርት ስለተሰበርክ፣ ልጄ በአምስት ሺህ ብር ሲሰበር ዕድገት መሰለህ።

ፍቅረአብ፦ ዕድገት ነዋ! አዳራሹን የተከራየሁት ተበድሬ ነው። መኪናዬን ሸጫለሁ። ስፖንሰር የተባለው ድርጅት ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የታሸገ ውሃ ላከልኝ። ሳሎኔ ውስጥ መቀመጫ የለም፣ ያለው ካርቶን ነው። እንግዳ ሲመጣ ውሃው ላይ አስቀምጬ ውሃ አቀርብለታለሁ።

ትጓደድ፦ ለካ ለዚህ ነው ደምሰው ከልምምድ በተመለሰ ቁጥር ውሃ ተሸክሞ የሚገባው! እኔ ሞኟ ደግሞ «ያ ፍቅረአብ የሚሉት ልጅ ደግ ነው» እያልኩ ስመርቅህ ከረምኩ። ምርቃቴን መልስ።

ፍቅረአብ፦ ደግሞ ዕድሉን ያስቡት እንጂ። ዛሬ ሰው ያየዋል፤ ነገ አንዱ ዱባይ ይወስደዋል። መታየት ራሱ ክፍያ ነው።

ትጓደድ፦ እሷን አውቃታለሁ! እኔንም ብለውኛል። አንድ የተከበሩ ሰው ሞቱ፤ «ትጓደድ፣ ታላላቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ያዩሻል፣ ሥራ ይበዛልሻል» ብለው በነፃ አስለቀሱኝ። እኔም አንጀቴን አውጥቼ አለቀስኩ። እውነትም አዩኝ። እውነትም ሥራ በዛልኝ። በነፃ የምታለቅስ ሴት አለች ተብሎ ከሦስት ሰፈር ይመጡልኝ ጀመር።

ፍቅረአብ፦ ሃሃ! ከዚያስ?

ትጓደድ፦ ከዚያማ ጉሮሮዬ ተዘጋ። እሱም በነፃ ነው የተዘጋው።

ፍቅረአብ፦ እሺ እማማ፣ ስቄያለሁ፤ አሁን ዝም ብለው ይግቡና ይፎክሩልኝ። ሌላውን ሲያልቅ እንነጋገራለን።

ትጓደድ፦ ሳልጠይቅ መጀመር አንዴ አሳፍሮኛል። አንድ ቀን ለቅሶ ተጠርቼ ስሄድ አረፈድኩ። ድንኳን አየሁ፣ ሰው አየሁ፣ ከደጅ ጀምሮ «ወየው፣ ወየው፣ ምን ዓይነት ቀን ነው» እያልኩ ዘለቅሁ። ለካስ ሠርግ ነው! የኔ ለቅሶ ከኋላው ባለው ቅያስ ነበር።

ፍቅረአብ፦ ሙሽራዋ ምን አለች?

ትጓደድ፦ አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። ከቤቷ የምትወጣ ልጅ መቼም ማልቀሷ አይቀር፤ እኔ ግን «ያስለቀስኳችሁ እኔ ነኝ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ጥሬ ሥጋ አብልተው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ግን የሟቹን የአባት ስም ሳልጠይቅ አፌን ከፍቼ አላውቅም። የአባት ስም ካገኘሁ ግጥሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ያንንም ቢሆን ቶሎ አልጠራውም። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያልኩ አዞረዋለሁ። ቤተ ዘመዱ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ነው ስሙን የምጠራው።

ፍቅረአብ፦ ተንኮለኛ ነበሩ ማለት ነው!

ትጓደድ፦ ሠራተኛ ነበርኩ ነው የሚባለው። ኋላ ካህናቱ «ሙሾ ይቅር» ብለው ገዘቱ፣ ሥራው ሞተ። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስኩበት ሙያ ሲሞት አንድ ሰው አላለቀሰለትም። ይኸው በስተርጅና ፎካሪ ሆንኩ። ባለፈው ጊዜ ደምሰው ሲገባ አላስችለኝ ብሎ ወንበር ላይ ወጥቼ ብጮህ፣ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለዓለም በተነኝ።

ፍቅረአብ፦ ዛሬ ግማሹ ሰው የመጣው እርስዎን ሊያይ ነው። ፖስተሩ ላይ ከደምሰው ይልቅ እርስዎ ነዎት የሚተልቁት።

ትጓደድ፦ አይቼዋለሁ። ጥርሴ የጎደለበትን በኩል ነው ያወጣችሁት። ግን በጨዋታ አታስረሳኝ። ከአንድ ወር በፊት ደምሰው የነገረኝ አስር ሺህ ብር ነበር። ቢያሸንፍም ባያሸንፍም አስር ሺህ። ይቺ «ካሸነፈ» መቼ ተወለደች?

ፍቅረአብ፦ እሱን ተዉት፣ እማማ።

ትጓደድ፦ መቼ ተወለደች አልኩህ?

ፍቅረአብ፦ ቢተዉት ይሻልዎታል።

ትጓደድ፦ ለኔ የሚሻለኝን ስትመርጥልኝ ደስ አላለኝም። ተናገር!

ፍቅረአብ፦ እንግዲህ... ከእርስዎ ጋር በተዋዋልን ማግስት ነው።

ትጓደድ፦ እኔ ምን አገባኝ?

ፍቅረአብ፦ እኔ አራት ሺህ ብዬዎት አልነበር?

ትጓደድ፦ ብለኸኝ ነበር! በሩን ዘጋሁብህ። ተመልሰህ መጣህ፣ ታምሜያለሁ አልኩህ። እንደገና መጣህ፣ ሌላ አዘጋጅ ጠርቶኛል አልኩህ፣ ማንም የጠራኝ አልነበረም። ላብህን ጠርገህ ዘጠኝ ሺህ ስትል ውስጤ እልል አለ። ለሰፈሩ በሙሉ አወራሁ። እድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፤ ሊቀመንበሩ «ይህ ከአጀንዳው ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለኝ።

ፍቅረአብ፦ ታዲያ ያቺ የጨመርኩልዎት አምስት ሺህ ከየት የመጣች ይመስልዎታል?

ትጓደድ፦ ከኪስህ ነዋ።

ፍቅረአብ፦ ኪሴ ውስጥ ያለው የአዳራሹ ቁልፍ ብቻ ነው። ይስሙኝ። ለደምሰው አስር፣ ከአዳማ ለመጣው ተጋጣሚውም አስር መድቤ ነበር። እርስዎ አምስት ሲያስጨምሩኝ፣ የሁለቱንም ግማሽ ግማሽ «ካሸነፈ» ከሚለው ሥር አስገባሁት። ሁለቱም ማሸነፍ አይችሉም። አንዱ መሸነፉ የማይቀር ነው። የተሸነፈው ያላገኛት አምስት ሺህ ለእርስዎ ትሆናለች።

ትጓደድ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በል። እኔ ፊደል ባልቆጥር ብር እቆጥራለሁ። የወደቀው ልጅ ነው የኔን ጉሮሮ የሚከፍለው?

ፍቅረአብ፦ ባጭሩ አዎ።

ትጓደድ፦ ደምሰው ከወደቀስ?

ፍቅረአብ፦ እንግዲህ... ደምሰው ነው የሚከፍልዎት።

ትጓደድ፦ ደምሰው? የኔው ደምሰው?

ፍቅረአብ፦ እማማ? ውሃ ላምጣልዎት? ሞልቷል።

ትጓደድ፦ እሰይ ትጓደድ! ጎሽ! አገር ምድሩን ስታስከፍይ ኖረሽ ኖረሽ፣ መጨረሻ የገዛ ልጅሽ ኪስ ገባሽ! ፎክሬ አስገባውና፣ ሲዘረጋ በላዩ ተራምጄ ብሬን ተቀብዬ ልወጣ ነበር። ቀብሩ ላይ ቆማ አከፋፈል የምትጠይቅ አልቃሽ እንኳ እንዲህ አላደረገችም። እኔ ራሴ እንዲህ አላደረግሁም! እሱስ ያውቃል?

ፍቅረአብ፦ ያውቃል።

ትጓደድ፦ አውቆ ዝም አለ?

ፍቅረአብ፦ እንዳልነግርዎት የለመነኝ እሱ ነው። «ዘጠኝ ሺህ ካልካት ወዲህ ወገቤን አመመኝ ብላ አታውቅም፤ ተዋት፣ ደስ ይበላት» አለኝ።

ትጓደድ፦ ለዚህ ነዋ ቅድም ስጠይቀው ፋሻውን በጥርሱ ነክሶ ዝም ያለው። ይኼ ቂል! ይኼ የኔ ጌታ! እኔ እዚያ በድል አድራጊነት ስንጎራደድ፣ እሱ እዚህ ሊደበደብልኝ ተዘጋጅቷል።

ፍቅረአብ፦ ለዚህ ነው ተዉት ያልኩዎት።

ትጓደድ፦ መልሰው። የኔን ወደ አራት ሺህ መልስና ለሁለቱም አስር አስሩን ስጣቸው። ያሸነፈም የተሸነፈም። ወይኔ አምስት ሺህ ብሬ!

ፍቅረአብ፦ እሺ! ተስማምተናል! በሉ ይነሱ።

ትጓደድ፦ ምነው ፈጠንክ?

ፍቅረአብ፦ ምኑ?

ትጓደድ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከር «እሺ» ብሎ የቸኮለ ሰው አንድም ቀን በውድ ገዝቶ አያውቅም። አንተ ከኪስህ ሳንቲም ሳይወጣ ተስማማህ። እኔ ከወገቤ ፈትቼ ሰጠሁ፣ ልጁ ከአጥንቱ ይሰጣል፣ አንተ ምን ሰጠህ?

ፍቅረአብ፦ መኪናዬን!

ትጓደድ፦ መኪናህ ሲሸጥ አልደማም። እጁ ከተሰበረ ማን ያሳክመዋል?

ፍቅረአብ፦ ሁለቱም ጉዳት ቢደርስብኝ ኃላፊነቱ የራሴ ነው ብለው ፈርመዋል።

ትጓደድ፦ ፊርማ አጥንት ይጠግናል? ባለፈው ዓመት አንተው ዘንድ ተጋጥሞ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ደግሞ ተሸንፎ እንዳይመስልህ፤ አሸንፎ ነው! የተጋጣሚውን ጭንቅላት መትቶ የገዛ እጁን ሰበረ። ደምሰው የሚኖረው ሴራሚክ ተሸክሞ ፎቅ በመውጣት እንደሆነ ታውቃለህ። በአንድ እጅ ሴራሚክ ማን ያሸክመዋል? ጀሶውን ያስደረግሁለት እኔ፣ በሶ በጥብጬ ያጠጣሁት እኔ። ይጦረኛል ያልኩትን እኔ ስጦረው ከረምኩ። ያንን ሁሉ ድል ካገኘ በኋላ! ቢሸነፍማ ቤቴን እሸጥ ነበር።

ፍቅረአብ፦ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ግን ሁለቱንም የማሳክምበት አቅም የለኝም።

ትጓደድ፦ ሳሎንህን የሞላው የታሸገ ውሃ ሁሉ፣ በሩ ላይ የተቆረጠው ትኬት ሁሉ...

ፍቅረአብ፦ ትኬቱ ለብድሩ ነው! እማማ፣ ለደምሰው ብቻ ቢሉኝ እንኳ እሞክር ነበር። የአዳማው ልጅ ምንዎት ነው?

ትጓደድ፦ እንግዳዬ ነው። እሱም ቤቷ ሆና ሆዷን ይዛ የምትጠብቀው አሮጊት ያለችው ይመስለኛል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄን የሚመታው ሰው በርካሽ የተገዛ እንዲሆን አልፈልግም። ለክብራችንም አይሆን።

ፍቅረአብ፦ አልችልም። ቁርጤን ነው የምነግርዎት። አስር አስሩን እከፍላለሁ፣ ማሳከሙን ግን አልችልም። አለቀ።

ትጓደድ፦ አለቀ?

ፍቅረአብ፦ አለቀ።

ትጓደድ፦ እሺ። ክንዴን ያዘኝ፣ ልነሳ። ያቺን ነጠላዬን አቀብለኝ።

ፍቅረአብ፦ ተመስገን! ይኸው። አስተዋዋቂው እየጠራዎት ነው፣ ቶሎ ቶሎ... እማማ፣ ነጠላውን ምነው አዘቀዘቁት?

ትጓደድ፦ ለሥራ ነው።

ፍቅረአብ፦ ለፉከራ ነጠላ አይዘቀዘቅም! ይህ የለቅሶ ነው!

ትጓደድ፦ ፉከራማ የጎረምሳ ነው፣ ጉልበት ይጠይቃል። ዛሬ ደከመኝ። የለመድኩት ሙያ ይሻለኛል።

ፍቅረአብ፦ ሙሾ?! በደምሰው ላይ? ሟርት ነው እኮ!

ትጓደድ፦ ምን በወጣው! የኔ ልጅ ዕድሜ ይስጠው። ሌላ ሰው ነው ያሰብኩት። ጅማሬው እንዲህ ነው፦

ወይ የእገሌ ልጅ፣ አዳራሹን ሞልቶ፣
ባዶ እጁን ሄደ፣ የሰው ጉልበት በልቶ።

ፍቅረአብ፦ «የእገሌ ልጅ» ማነው?

ትጓደድ፦ እሱ ለጊዜው ክፍት ነው። እንዴት እንደምሠራ ነግሬሃለሁ።

ፍቅረአብ፦ እማማ! የቆመ ሰው ላይ?! እናቴ ቤት ቁጭ ብላ በስልክ እያየች ነው!

ትጓደድ፦ እሰይ። ብቻዬን ከማለቅስ ታግዘኛለች።

ፍቅረአብ፦ አያደርጉትም።

ትጓደድ፦ አይዞህ፣ አላስረዝመውም። ዘጠኝ ሺህ ቢሆን ኖሮ እስከ ቅድመ አያትህ እወርድ ነበር፤ በአራት ሺህ ብር ከአባትህ አላልፍም።

ፍቅረአብ፦ ሕዝቡ ይሰማል! ስፖንሰሩ ይሰማል! እስከ ነገ ድረስ አገሩ ሁሉ ይቀባበለዋል!

ትጓደድ፦ መታየት ራሱ ክፍያ ነው አላልከኝም? በሩን ክፈትልኝ። ማይኩን ደግሞ ወደ አፌ ጠጋ አድርገው፣ ጉሮሮዬን በስንት እንደገዛኸው ይሰሙ። ለመሆኑ ፍቅረአብ፣ የኔ ልጅ፣ የአባትህ ስም ማን ነበር?